እህቴና የያዮው ጫካ

የሻገተ ቡና ሽታ የማያውቅ ሰው ዕድለኛ ነው። እኔ አውቀዋለሁ። ዛሬም በገበያ መሀል ሳልፍ ከአንድ ነጋዴ ጆንያ ሽው ሲልብኝ አፍንጫዬን በጋቢዬ ጫፍ ይዤ መንገድ እቀይራለሁ። ሽታው ብቻውን ቢሆን ግድ አልነበረኝም፤ ከሽታው ጋር ታላቅ እህቴ ትመጣብኛለች። ያሳደገችኝ፣ እናት የሆነችኝ እህቴ ናት። ስለ እሷ ሳስብ እንዲህ የምሆንበትን ምክንያት ልናገር።

እናታችን ቡሬ ከተማ ላይ ስትሞት ገና ድክ ድክ እል ነበር። እህቴ ትዳር ይዛ መቱ ስለነበረች መጥታ በጀርባዋ አዝላ ወሰደችኝ። ልጅ አልነበራትም፤ በኋላም አልወለደችም። እትዬ እያልኩ አደግሁ። ጣሊያን ወጥቶ አገሩ ረጋ ሲል ከገበያው ወደ ሶር ወንዝ በሚወስደው መንገድ ላይ ጠጅ ቤት ከፈተች። ጠጇ ጥሩ ነበር፤ ግን ሰው የሚመጣው ለጠጁ ብቻ አልነበረም። ሳቋን ሊሰማ ነው። አንድ ነገር ሲያስቃት ብርሌውን እንደያዘች ወገቧ እጥፍ ይልና እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች፤ ያኔ የቀለደው ሰውዬ ቀልዱን ረስቶ እሷን እያየ ይስቃል። አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፣ ሚስቱ የሞተችበት። «እኔ እዚህ የምመጣው ሳቅ ልበደር ነው» ይላት ነበር። እሷም ሒሳብ አትቀበለውም።

ባለቤቷ የያዮ ሰው ነበሩ። ጋሼ ነበር የምላቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው፤ አማርኛው ሲያስቸግራቸው ኦሮምኛውን ጣል አድርገውበት የሚያልፉ። ቀፎ ሠርተው ዛፍ ላይ ይሰቅላሉ፣ ማሩን ቆርጠው ያመጣሉ፣ እህቴ ጠጅ ትጥልበታለች። ያዮ ላይ ከአባታቸው የወረሱት የጫካ ቡናም ነበራቸው፤ የእሳቸውና የታናሽ ወንድማቸው የጋራ። አጥር የለው፣ ድንበር የለው። ቡናው ራሱ በቅሎ ራሱ የሚያፈራ ነው። በለቀማው ወራት ሁለቱ ቤተሰቦች አብረው ይለቅማሉ፤ ሲደርቅ በቁና እየሰፈሩ እኩል ይካፈላሉ። ጭቅጭቅ የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም። ያኔ የቡና ዋጋ ከማር በታች ነበር።

እኔ አድጌ ልብስ ስፌት ተማርኩና በእህቴ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ መሥራት ጀመርኩ። ከበረንዳው ሆኜ የቤቱ ነገር ሁሉ ይታየኛል፤ የሚገባው፣ የሚወጣው፣ የሚባለው። ያየሁትን ሁሉ ያየሁት እዚያ ቁጭ ብዬ ነው።

የጋሼ ወንድም ቀፎ ሊሰቅሉ ዛፍ ላይ ወጥተው ወደቁና ሞቱ። ሚስታቸውና ሁለት ትንንሽ ልጆች ቀሩ። እህቴ ያን ጊዜ የነበረችውን መርሳት አልፈልግም። ጠጅ ቤቱን ዘግታ ያዮ ድረስ በእግሯ ሄደች፤ ደረቷን እስኪያብጥ እየመታች አለቀሰች። ከሴትዮዋ ጋር አንድ አጎዛ ላይ እየተኛች ሰነበተችና ስትመለስ የራሷን ጋቢ ለልጆቹ ትታላቸው መጣች። «እነዚህ የእኔ ልጆች ናቸው» አለችኝ፣ በረንዳው ላይ እግሯን እየታጠበች።

ከዚያ መንገዱ ተጠገነ፤ ትሬንታ ኳትሮ የሚባሉት የጣሊያን የጭነት መኪናዎች እያጓሩ እስከ መቱ መግባት ጀመሩ። ባዶ መጥተው ቡና ጭነው ይሄዳሉ። ዓመት አልሞላም፣ ከተማው በሙሉ ስለ ቡና እንጂ ስለ ሌላ የማያወራ ሆነ። ሣር ቤት የነበረው ቆርቆሮ አለበሰ፤ በእግሩ ይሄድ የነበረው በቅሎ ገዛ።

በዚያ ሰሞን ነው አንድ ነገረ ፈጅ ጠጅ ቤቱን መልመድ የጀመረው። ፀሐይም ሆነ ዝናብ ጥቁር ጃንጥላ ከእጁ አይለይም፤ ሲናገር ከንፈሩን ይልሳል። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሰው ሳስቶ ሳለ እህቴን ጠራት።

«እመቤቴ፣ ያዮ ያለው ጫካ ስንት ጋሻ ይሆናል?»

«እኔ ምን አውቄ! ደግሞም እኩሌታው የእነሱ ነው» አለችው ብርሌ እያጠበች።

«የእነማን?»

«የሟቹ ሚስትና ልጆች።»

«ሚስት?» ከንፈሩን ላሰ። «ሰማንያ አላቸው? ቆርበዋል?»

«በሽማግሌ ነዋ የተጋቡት፤ በአገሩ ወግ።»

«ወረቀት ከሌለ ሚስት ናት የሚለው ማን ነው? ቡና ለቀማ የተቀጠረች ሠራተኛ ልትሆንም ትችላለች። ሠራተኛ ደግሞ ደመወዝ እንጂ ርስት የላትም።»

እህቴ ብርሌውን ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርጋ አስቀመጠችው። «ወግድ! ሰርጓ ላይ ከበቅሎ ያወረድኳት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ቤቴ ውስጥ ሁለተኛ እንዳታወራ!» አለችው። ደስ አለኝ። ሰውዬው ግን አልተቆጣም፤ ፈገግ ብሎ ጠጁን ጨረሰና ጃንጥላውን ይዞ ወጣ። በማግስቱም መጣ። በሳልስቱም መጣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የጠጣበትን እንደማይከፍል አስተዋልኩ። እሷ ደግሞ ወንበር ስባ አጠገቡ ትቀመጥ ጀመር።

መጀመሪያ የጠፋው ሳቋ ነው። ሰው ይቀልዳል፣ እሷ በሩን ታያለች። ቀጥሎ ቁልፍ መጣ። በዚያ ቤት ከመዝጊያው በቀር የሚቆለፍ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር፤ ጓዳው ተቆለፈ፣ የማሩ ቤት ተቆለፈ፣ ቅቤው ሳይቀር ሳጥን ውስጥ ገብቶ ተቆለፈበት። ቁልፎቹን በመቀነቷ ቋጥራ ስትራመድ ይንሿሿሉ። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት ጥጥ ፈታይ አሮጊት ማታ ማታ መጥተው አንድ ብርሌ ጠጅና አንድ እንጀራ በነጻ ይቀምሱ ነበር፤ የቆየ ልማድ ነው። አንድ ምሽት እንደ ወትሯቸው ብቅ ሲሉ እህቴ ደጁ ላይ ቆመችባቸው።

«እናቴ፣ ይህ ቤት ዕድር አይደለም» አለቻቸው።

አሮጊቷ የሰሙትን ያመኑ አይመስሉም ነበር። ነጠላቸውን አስተካክለው «እሺ ልጄ» ብለው ተመለሱ።

ከዚያ የባሰውን ግን አንድ ቀን መቀስ ፍለጋ ወደ ጓዳ ስገባ አየሁ። እህቴ ጠጪዎች ጥለውት የሄዱትን ትራፊ ከየብርሌው እየገለበጠች ወደ ጋኑ ትመልሳለች። ትንባሆ የሚያኝኩት፣ ጢማቸውን ነክረው የጠጡት፣ ዝንብ የገባበት፣ ሁሉም ወደዚያው። ዝንቧን በጣቷ አወጣቻትና ጣቷን ላሰችው። ጠጁ እንዳይባክን ነው። እኔን ስታይ ምንም አላፈረችም።

«ምን ታፈጣለህ? ማር ስንት እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችኝ።

ማሩ የባሏ ነው፤ በገንዘብ አትገዛውም። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ቤት ጠጅ አልቀመስኩም። ያ ሚስቱ የሞተችበት ጸሐፊም ቀረ። ቀስ በቀስ ሌሎቹም ቀሩ፤ መምጣት ያልተወው ነገረ ፈጁ ብቻ ነው።

ጋሼ ነገሩን የሰሙት ከእሷው አፍ ነው። በረንዳው ላይ ሆኜ ሰማሁ።

«ጫካው በእርስዎ ስም ነው የሚገበርለት። የእርስዎ ነው» አለቻቸው።

«የአባቴ ነው። የእኔና የወንድሜ።»

«ወንድምዎ ሞቱ።»

«ልጆቹ አልሞቱም።»

«ልጆቹ ጫካ ምን ያደርግላቸዋል? እኛ ቤት ቢሠሩ ጉርሳቸውን ይበላሉ።»

ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ «ለማን ነው?» አሏት በቀስታ። «እኔና አንቺ ሁለት ነን። አንድ ገበታ ይበቃናል። ለማን ነው?»

እንደ ተሰደበች ሴት ጮኸችባቸው። ልጅ አለመውለዷን ያነሱባት መሰላት። ያን ሰሞን ምግብ ስታቀርብላቸው ሳህኑን መሬት ላይ ትወረውረዋለች፤ ወጡ ይደፋል፤ እሳቸው ለቅመው ይበላሉ። ጠዋት ትጮህባቸዋለች፣ ከሰዓት ታለቅስባቸዋለች፣ ሲመሽ አታናግራቸውም። ጋሼ ዛፍ ላይ ደፋር ነበሩ እንጂ ሴት ስትጮህባቸው የሚገቡበት የሚጠፋቸው ሰው ነበሩ። ትከሻቸው እየወደቀ፣ እየወደቀ ሄደ።

ወደ እኔም መጣች። ልብስ እየሰፋሁ አጠገቤ ቁጭ አለችና እንደ ድሮው ራሴን ዳበሰችኝ።

«በዋናው መንገድ ላይ ቆርቆሮ ሱቅ እሠራልሃለሁ» አለችኝ። «ሁለተኛ መኪና ትገዛለህ። አንድ ቃል ብቻ ነው የምትናገርልኝ።»

«ምን የሚል?»

«ሠራተኛ እንደነበረች።»

«እትዬ፣ ሰርጓን እኮ አብረን ነው የበላነው። አንቺው ነሽ ከበቅሎ ያወረድሻት።»

«አላስታውስም» አለች። ዓይኔን እያየች ነው እንዲህ ያለችው። ዓይኗ ውስጥ ውሸት የሚናገር ሰው ፍርሃት አልነበረም። እውነትም ረስታዋለች፤ ወይም የምታስታውሰውን ሰው ከውስጧ አስወጥታዋለች። እጇን ከራሴ ላይ አንስቼ አስቀመጥኩት።

ነገሩ ፍርድ ቤት ቀረበ። ሴትዮዋ ከያዮ ትንሹን አዝላ፣ ትልቋን በእጇ ይዛ መጣች። አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ የሚባለው ሁሉ አይገባትም፤ ሰው ሲስቅ ፈገግ፣ ሰው ሲቆጣ ዝቅ ትላለች። እህቴን ባየቻት ጊዜ ልትስማት ተነሣች። እህቴ ፊቷን አዞረች።

ነገረ ፈጁ ያመጣቸው ምስክሮች ሁለት ነበሩ። ያዮን በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ ጠጅ ቤቱ ውስጥ ግን አይቻቸዋለሁ፤ ያን ሰሞን ጠጅና ሥጋ ሲቀርብላቸው ነበር። ሁለቱም በመስቀሉ ምለው «ለቀማ የተቀጠረች ናት» አሉ። እኔ ተነሥቼ ለሴትዮዋ መሰከርኩ። ሰርጉን ተናገርኩ፣ ልጆቹ ሲወለዱ ገንፎ መብላቴን ተናገርኩ። ነገረ ፈጁ ከንፈሩን ላሰና «ይህ ልጅ ሱቅ ካልተሠራልኝ ብሎ ከእህቱ የተጣላ ነው፤ በቂም ነው የሚናገረው» አለ። ዳኛው በመጨረሻ ጋሼን አስነሡ።

«አንተ የሟቹ ወንድም ነህ። ይህች ሴት የወንድምህ ሚስት ነበረች?»

ጋሼ ቆሙ። ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ያሻሉ። ሴትዮዋ ስማቸውን ስትሰማ ፊቷ በርቶ ነበር፤ በቃ አሁን ነገሩ አለቀ ብላ ነው። እህቴ ከኋላቸው ሆና አፍጥጣ ጀርባቸውን ታያለች። ቁልፎቿ ሲንሿሿሉ ይሰማል።

«ተናገር እንጂ!» አሉ ዳኛው።

«አላውቅም» አሉ ጋሼ።

የተባለውን አንድ ሰው በኦሮምኛ ነገራት። ጮኻ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። ቀረብ ብላ ከታች ወደ ላይ ፊታቸውን አየቻቸውና «ዋርሳ ኮ፣ አና ሂን ቤክቱ?» አለቻቸው፣ የባሌ ወንድም፣ አታውቀኝም? ማለቷ ነው።  የጋሼ ኮፍያ ከእጃቸው ወደቀ፤ አላነሡትም።

ጫካው ለእህቴ ቤት ተፈረደ።

ቤት ስደርስ መኪናዬን መንገዱ ላይ ጥላው ነበር፤ ክሩ ጭቃ ውስጥ ተዘርግቷል፣ ሰው እየረገጠው ያልፋል። ከበረንዳው ላይ ቆማ «ጡት ነካሽ!» ትለኛለች። መኪናዬን ተሸክሜ ሄድኩ። ከገበያው ማዶ አንድ ጠባብ ቤት ተከራይቼ ገባሁ። ሴትዮዋ ልጆቿን ይዛ ኖፓ ወዳሉ ዘመዶቿ ሄደች።

እህቴ ያን ዓመት ሀብታም ነኝ ብላ ነበር። ግን የያዮ ሰው ለቀማ አልሄድላት አለ። ሁሉም የሴትዮዋ ዘመድ ወይም ጎረቤት ነው፤ «የሙት ልጆች ቡና አንነካም» አሉ። ከሌላ ቦታ ሰው ቀጥራ አመጣች። ሠራተኞቹ ሲያርፉ እንዳይሰርቋት ስለምትፈራ እዚያው ጫካ ውስጥ አብራቸው ታድራለች፤ ከመሄዳቸው በፊት እጃቸውን ሳይሆን ጉያቸውን፣ የሴቶቹን ጡት ሳይቀር እየዳበሰች ትፈትሻለች። ይህን ያወሩልኝ ራሳቸው ለቃሚዎቹ ናቸው፤ ሲያወሩ ይተፋሉ። እስኪቀላ አላስጠበቀችም፤ ሰው ይቀድመኛል ብላ አረንጓዴውንም ቀዩንም፣ ቅጠሉንም ጭምር አስለቀመችው። በደንብ ሳይደርቅ በጆንያ አስሞልታ መቱ አስመጣችው። ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ጋሼ ነግረዋታል። «እርጥብ ይከብዳል፤ ሲመዘን ጥሩ ነው» አለቻቸው።

ጠጅ ቤቱን ዘጋችና መጋዘን አደረገችው። ጠረጴዛዎቹ ወጡ፤ ጋኖቹ ውስጥ ሳይቀር ከነገለባው ያለው ቡና፣ ጀንፈሉ፣ ተሞላ። ነጋዴ ሲመጣ ዋጋው ገና ይጨምራል እያለች ትመልሳለች። ጨመረ፤ ይበልጥ ይጨምራል ብላ ያዘች። ከዚያ ክረምቱ ገባ። የኢሉባቦር ክረምት የሚቀልዱበት አይደለም፤ ሰማዩ ተቀዶ የሚቆም አይመስልም። ሽታው ከበረንዳው አልፎ መንገዱ ላይ ደረሰ። ሰው በዚያ ሲያልፍ ልጁን አፍንጫህን ያዝ ይለዋል። እሷ እዚያው ውስጥ ነበረች። አልጋዋን ጆንያዎቹ መሀል አስገብታ እዚያው ትተኛለች፣ እዚያው ትበላለች፣ ሌባ እንዳይመጣባት።

ክረምቱ ሲወጣ ከጎሬ አንድ ነጋዴ መጣ። ያን ቀን ከደጁ ከተሰበሰበው ሰው ጋር ቆሜ አይቻለሁ። ሰውዬው ቢላውን አውጥቶ አንዱን ጆንያ ቀደደው። የወጣው ቡና አይደለም። ነጭና አረንጓዴ ጸጉር ያበቀለ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ፣ ትል የሚርመሰመስበት ጓል ነው። ነጋዴው ወደ ኋላ ዘለለና ምራቁን ተፋ። ሌላ ጆንያ ቀደደ፤ ያው ነው።

«እናቴ፣ ይህንን አውጥተው ይቅበሩት» አላት። «ለከብት አይሆንም።»

«ታጥቦ ይሸጣል!» አለች እህቴ። «ላዩ ነው እንጂ ውስጡ ደህና ነው!» እጇን ጆንያው ውስጥ ከትታ እፍኝ ሙሉ አወጣችና አሸችው፤ ሻጋታው እንደ አመድ ቦነነ። አንዷን ፍሬ አፏ ውስጥ ከተተች። አኘከችው። ጉንጯ ሲንቀሳቀስ እያየሁ ከዚያ ሮጬ ሄጄ ከአጥር ሥር አስመለሰኝ።

አልቀበረችውም። እያጠበች፣ እያሰጣች፣ ከሌላ ቡና ጋር እየቀላቀለች፣ ቆልታ ወቅጣ ለድሆች በትንሽ በትንሹ ትሸጥ ጀመር። የገዙ ሰዎች ሆዳቸውን ታመሙ። ሲከሷት «እኔ ስጠጣው ምን ሆንኩ?» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ትጠጣው ነበር።

ጋሼ የሄዱት በዚያ ሰሞን ነው። ከመሄዳቸው በፊት ወደ እኔ ቤት መጡ። ጠባቧ ቤቴ ውስጥ ጎንበስ ብለው ገቡና ቆመው ቀሩ።

«ኖፓ ልሄድ ነው» አሉኝ።

«ሴትዮዋ ትቀበልዎታለች?»

«አላውቅም።» ያችን ቃል ሲናገሩ ራሳቸው ሰሟትና ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ደጇ ላይ እቆማለሁ። ብታባርረኝም አልፈርድባትም።»

አላባረረቻቸውም። ድንጋይ ተሸክመው ደጇ ላይ ቆመው ይቅርታ ለመኑ፤ ሽማግሌ ገባ፤ ከቤቷ ትንሽ ራቅ ብለው ጎጆ ቀለሱ። ቀፎ እየሰቀሉ ልጆቹን በማር አሳደጓቸው። ፍርድ ቤት ተመልሰው ቃላቸውን ሊያስተካክሉም ሞክረው ነበር፤ ነገሩ ያለቀ ነው ተባሉ። እኔ ለልጆቹ ልብስ ሰፍቼ ስሄድ አገኛቸው ነበር። ትከሻቸው ቀና አላለም፤ ግን ትልቋ ልጅ እንደ አባቷ «አባቦ» ትላቸዋለች፣ ሲጠሯትም እየሮጠች ትመጣለች።

ከዓመታት በኋላ ትኩሳት ይዟቸው ኖፓ ላይ ሞቱ። ለእህቴ መንገር የእኔ ፈንታ ሆነ። ወደዚያ ቤት ከተጣላን ወዲህ ገብቼ አላውቅም ነበር። መጋዘኑ ጨለማ ነው። ከጆንያዎቹ መሀል ወጣች፤ ከስታለች፣ ጸጉሯ ተያይዟል፣ ልብሷ ከቡናው ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ይዟል። የመጣሁበትን ነገርኳት። ግድግዳውን ተደገፈች። ለአፍታ ፊቷ ላይ አንድ ነገር አለፈ፤ ልታለቅስ ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

«ቀፎዎቹስ?» አለችኝ። «ቀፎዎቹን ማን ያዛቸው?»

እጄን መለስኩ።

ቀብሩ ላይ አልመጣችም። አርባቸው ሲወጣ ግን ኖፓ መጣች። ሴትዮዋ ከደጅ ተቀብላ አስገባቻት፣ ከዘመድ መሀል አስቀመጠቻት፣ በገዛ እጇ እንጀራ አቀረበችላት። እህቴ በላች። አጎንብሳ፣ ማንንም ሳታይ፣ ሁለት ሁለት ጉርሻ እየደራረበች በላች። ሰው ሁሉ መጉረሱን ትቶ ያያታል። ስትጨርስ ከመሶቡ ላይ ሥጋውን እየለየች በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥር ጀመር። መረቁ በነጠላዋ እየሰረገ በጉልበቷ ላይ ይወርዳል። አንዱ ልጅ ሳቀ። እናቱ በዓይኗ ገሠጸችውና ቅጠል አምጥታ «በዚህ ጠቅልዪው፣ እንዳይንጠባጠብብሽ» አለቻት፣ በዚያች ጥቂት አማርኛዋ። እህቴ ቅጠሉን ተቀበለች፤ አላመሰገነችም። ቀና ብላ ደጅ ደጁን አየች። ዛፎቹ ላይ ያሉትን ቀፎዎች ነው።

የሞተችው በሚቀጥለው ክረምት ነው። በሩ ሳይከፈት ሲቆይ ጎረቤት ሰብሮ ገባ። ቀበርኳት። ሰው ብዙ አልነበረም፤ የመጡትም ለእኔ ብለው ነው። አለማልቀሴን ሰው ታዝቦኛል። ያሳደገችኝን እህቴን ለማሰብ ታገልኩ፤ በጀርባዋ ያዘለችኝን፤ የሚመጣልኝ ግን ያቺ ጉንጯ የሚንቀሳቀሰው ሴት ናት።

ከመቃብሩ ስንመለስ ነገረ ፈጁ ጃንጥላውን ዘርግቶ አጠገቤ ተለጠፈ። አርጅቷል።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አለኝ። «አሁን እንግዲህ ወራሽ አንተ ነህ። የያዮው ጫካ ከባሏ ለእሷ አልፎ ነበር፤ አሁን በሕግ የአንተ ነው። ሴትዮዋ አሁን ልጆቿ አድገዋል፤ ክስ እንዳታነሣ ቶሎ ማጠር ነው። እኔ አለሁልህ።»

ለአፍታ ጫካውን ተመኘሁት። ይህን አልደብቅም። ቆርቆሮ ሱቅ ታየኝ። ከዚያ እንደ ሻጋታው ሽታ አስጠላኝ፤ ሰውዬው ብቻ ሳይሆን እኔው ራሴ ጭምር።

«ጫካው ባለቤት አለው» አልኩት።

«ማን?»

«ታውቃታለህ።»

ከንፈሩን ላሰ። «ሞኝ ነህ» አለኝና ጃንጥላውን ወደ ራሱ ስቦ እኔን ዝናቡ ውስጥ ትቶኝ ሄደ።

ዝናቡ ሲያባራ ያዮ ሄጄ የአገሩን ሽማግሌዎች ሰበሰብኩ። ሴትዮዋ ከኖፓ ሁለቱን ልጆቿን ይዛ መጣች፤ ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች፣ ወንዱ ከእናቱ በቁመት በልጧል። ሽማግሌዎቹ ባሉበት ጫካውን ለልጆቹ መለስኩ፤ በመንግሥት በኩልም ስሙ እንዲዛወር ብዙ ተመላለስኩ፣ ብዙም ደከምኩ፤ በመጨረሻ ሆነ። የመቱውን ቤት ማንም ሊከራየው አልፈለገም። ጆንያዎቹን በሰው ጉልበት አውጥቼ አስቀበርኩና ቤቱን አስፈረስኩት።

የዚያ ዓመት ለቀማ ሲደርስ ሴትዮዋ ላከችብኝ። መኪናዬን ቆልፌ ሄድኩ። የያዮ ሰው ሁሉ መጥቷል፤ ጫካው በዘፈን ይናጋል። ልቅም ያለውን ቀይ ብቻ መርጬ ለመልቀም ስታገል ልጅቷ እጄን አይታ ሳቀችብኝ፤ የልብስ ሰፊ እጅ ለቅርንጫፍ አይሆንም አለችኝ። ማታ እናትየዋ ድርሻዬን ለይታ አቀረበችልኝ። አልወስድም ብዬ ብዙ ተከራከርን። ጥቂት ማር ብቻ ተቀብዬ በማግስቱ ወደ መቱ ተመለስኩ።